ከሰዓት ሠሪው ደጅ የቆመችው

ረቡዕ ጠዋት ደሴ ውስጥ ሰው «እንደምን አደርክ» አይባባልም። «ታዩ?» ነው የሚባባለው። መልሱም ወይ «ታዩ፣ ተመስገን» ነው፣ ወይ «ገና እየፈለግሁ ነው» ነው። ሦስተኛ መልስ የለም።

ይማም ገበየሁ ሆጤ ካለው፣ በገመድ የሚንጠለጠለው መኪና ከሚነሳበት የገመድ ጣቢያ ሲደርስ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ጣቢያውን ግማሹን ውጦታል። ሰዉ ግን ጉሙን ከምንም ሳይቆጥር የግድግዳው መስታወት ፊት ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ የደረሰ አለ። ማጉያ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል አለ። አንዲት ሴትዮ ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች እየሳቡ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሁሉም የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ በየሳምንቱ ረቡዕ ሲነጋ የሚወጣውን «ደራሽ» የተባለ የሥዕል ታሪክ። የዛሬው ቁጥር 3,744 ነው። ሰባ ሁለት ዓመት፣ አንድም ሳምንት ሳይዘል።

ደራሽን ራሱን ግን ማንም አያየውም። ቀይ ካፖርቱን ለብሶ በየክፈፉ መሐል የሚቆመው እሱ ጀግናው ነው፤ ስሙም ከላይ በትልቁ ተጽፏል። ሰዉ የሚፈልገው ከእሱ ኋላ ያለውን መንገድ ነው፣ አላፊ አግዳሚውን። አላፊ አግዳሚዎቹ የከተማው ሟቾች ናቸው።

ይማም የራሱን ሟች ለማግኘት አልተቸገረም። ቦታዋን ያውቀዋል። አራተኛው ገጽ፣ በስተግራ፣ ከሰዓት ሠሪው ደጅ። አረንጓዴ ሻርፕ ተከናንባ፣ ምሳ ዕቃ ይዛ፣ ቀኝ እግሯን ወደ ውስጥ አዙራ ቆማለች። ቁመቷ ከስንዴ ቅንጣት አይበልጥም። ታላቅ እህቱ ትብለጥ ናት።

«ታዩ?» አለው የጣቢያው በር ጠባቂ።

«ታየች፣ ተመስገን» አለና ተሳፈረ።

ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ከስልሳ ዓመት በፊት ከሠዓሊዎቹ የአንዱ እናት ማክሰኞ ቀን ሞቱ። ሥዕሉ በማግስቱ መውጣት ነበረበትና ሰውዬው ከቀብር መልስ ቁጭ ብሎ ሲሥል፣ እናቱን ጥላቸውን እንደያዙ አንድ የመንገድ ጥግ ላይ አቆማቸው። ነገሩ ተሰማ። ሰው ሁሉ «የኔንም» አለ። በመጨረሻ ቅሬዎቹ ያዙት። ቅሬ ማለት ሰፈርተኛው፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል፣ ሟቹን የሚቀብርበት ማኅበር ነው፤ ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ያስቆፍራል፣ አሁን ደግሞ በአርባኛው ቀን ሟቹን ወደ «ደራሽ» ይልካል። ስም አይላክም፤ ምልክት ነው የሚላከው። ባርኔጣ፣ ምርኩዝ፣ የአረማመድ ዓይነት። ሟቹ የት እንደተሣለ ለቤተሰቡ አይነገርም። ፈልጎ ማግኘት የቤተሰቡ ነው። ያገኘ ጥቁሩን ያወልቃል፣ ፀጉሩን ይላጫል፣ ሥራ ይገባል። ያላገኘ ሐዘን ላይ ነው። መቃብር የሚሄድ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

ትብለጥ ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ነበር ሐረጎ ቁልቁለት ላይ በተገለበጠ አውቶቡስ የሞተችው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራ ነበርና ቅሬው ምልክቷን ሲጠይቅ ይማም ሁልጊዜ የምትለብሰውን የፋብሪካ ሻርፕና ምሳ ዕቃዋን ጻፈ። ስምንት ረቡዕ ፈለጋት። በስምንተኛው፣ በገመዱ መኪና ተሳፍሮ ገጹን ሲያይ፣ ከሰዓት ሠሪው ደጅ አገኛትና ጮኸ። የማያውቃቸው ሰዎች አቀፉት። በዓመቱ ደግሞ «ደራሽ» ቤት ሥራ ለመነ። አጠገቧ ለመሆን ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

የሥራው ስም አስታራቂ ይባላል። በቁጥር 212 የደራሽ አባት አናጢ ሆኖ ይሞታል፤ በቁጥር 1,930 የባቡር ሾፌር ሆኖ ይመለሳል። እነዚህን ሁለት አባቶች ሳያጣላ አንድ ሰው የሚያደርግ ያስፈልጋል። ደራሽ ራሱ አስራ አንድ ጊዜ ሞቶ አስራ አንድ ጊዜ ተነስቷል፤ ከዚያ ውስጥ አንዴ የገዛ ቀብሩ ላይ ቆሞ አልቅሷል። ለዚህም ምክንያት ተገኝቶለታል። ይማም በአስር ዓመት ውስጥ ያላስታረቀው ነገር አልነበረም። ከአራት መቶ አስራ ሁለት ሺህ አላፊ አግዳሚዎች አንዱም በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ እንዳይታይ መጠበቅም የእሱ ሥራ ነው። አሁን ዋና አስታራቂ ሆኗል። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ብቻውን ይኖራል፤ ማታ ማታ የድሮ ቁጥሮች ያነባል።

ችግሩ የጀመረው ከጎርፉ ነው። ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በቁጥር 2,761፣ ታሪኩ ውስጥ ያለው ከተማ በጎርፍ ተመታ፤ በአንድ ገጽ ላይ አስራ ሰባት መቶ አላፊ አግዳሚ ተጠርጎ ሄደ። ያን ቀን ከረፋዱ ጀምሮ በየሰፈሩ ድንኳን ተተከለ። «ሁለተኛ ገደላችሁብን» እያለ ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ «ደራሽ» ቤት በር ላይ ተኝቶ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ውስጥ ጎርፍ የለም፣ እሳት የለም፣ ሽጉጥ ይዞ መንገድ ላይ የሚወጣ ክፉ ሰው የለም። ሟች ያለበት ቦታ ሁሉ አይነካም፤ ሟች የሌለበት ቦታ ደግሞ አልቋል። ስለዚህ ደራሽ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንንም አላዳነም። ሽማግሌ መንገድ ያሻግራል። የጠፋ ቁልፍ ይፈልጋል። ባለፈው ወር አራት ሳምንት ወረፋ ጠበቀ።

እንግዲህ ከተማው ሁለት ቦታ የተከፈለው በዚህ ነው። ገሚሱ «ከአንድ» ይላል፤ ሁሉም ተጠርጎ ታሪኩ ከቁጥር አንድ እንደ አዲስ ይጀመር ማለቱ ነው። ገሚሱ «ይቀጥል» ይላል። የአሳታሚው ቦርድ በሁለቱ መሐል ሲጨነቅ ከረመና ሸክሙን አውርዶ አስታራቂው ላይ ጫነው። ሰባ ሁለቱ ዓመት ከነሟቾቹ ሊታረቅ ይችላል ካለ ይቀጥላል፤ አይታረቅም ካለ ከአንድ ይጀመራል። ቀነ ገደቡ ሰኞ ስድስት ሰዓት ነው።

ይማም ሪፖርቱን ጨርሶታል። መጨረሻው ላይ «ይታረቃል» ይላል። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የሥዕል ክፍሉ ኃላፊ ሀያት የሥዕል ሰሌዳዋን በብብቷ ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ቂብ አለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወንበር አትወድም።

«ጋሽ ይማም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደራሽ ምን ያደርጋል?»

«ይደርሳል።»

«የት?»

ይማም ፊቱ ያለውን ወረቀት አስተካከለ።

«ወረፋው ይደርሰዋል በለኛ!» አለች። «አንድ ወር ሙሉ ወረፋ ሣልኩ። ወላሂ፣ የፊተኛውን ሰውዬ ማጅራት ስሥል እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።»

«ሰው ይወደዋል።»

«ማንን? ደራሽን? ባለፈው ረቡዕ አፍንጫውን ሳልሥልለት ረስቼ ወጣ። አፍንጫ እኮ ነው! አንድ ሰው ደወለ? አንድም። አንዲት አሮጊት ጥላቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ ባዛውርባቸው ግን አርባ ስድስት ዘመድ በር ላይ ተሰልፎ ዋለ።»

ይማም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሰሌዳዋን ገልብጣ ፊቱ አኖረችው።

የሚቃጠል ቤት ነው። ነበልባሉ ከመስኮት ወጥቶ ጣሪያውን ይልሳል። ደራሽ ካፖርቱን ራሱ ላይ ጠቅልሎ፣ አንድ እግሩን መስኮቱ ላይ ሰቅሏል። ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አይታይም።

ይማም እሳት ተሥሎ ካየ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ትብለጥ አጠገቧ አስቀምጣ «ደራሽ»ን ታነብለት ነበር፤ እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ ቀጣዩን ክፈፍ በመዳፏ ትሸፍነዋለች። «ይወጣል? አይወጣም?» ትለዋለች። እሱ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሊያነሳ ይታገላል። የእሷ መዳፍ የሽንኩርት ሽታ ነበረው።

«ያምራል» አለ ቀስ ብሎ።

«ያምራል አትበለኝ። ከአንድ ይጀመር ብለህ ፈርምልኝ።»

«አራት መቶ አስራ ሁለት ሺህ ሰው ነው፣ ሀያት።»

«ሰው አይደሉም። ነጥብ ናቸው። እኔው ነኝ የምነጥባቸው።» ከጠረጴዛው ወረደች። በሩ ጋ ደርሳ ሳትዞር፣ «የአባቴንም ነጥብ የምነጥበው እኔው ነኝ» አለች። «ሳላውቅ የምናገር እንዳይመስልህ።»

ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ወጡ። አቶ ሙሄ ይባላሉ፤ የሰኞ ገበያ ቅሬ ዳኛ ናቸው። ይማም ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላቸው፤ ሻይ አስመጣላቸው። እሳቸው ትንፋሻቸው እስኪመለስ በመዳፋቸው ጠረጴዛውን ደገፍ አሉ።

«አሳንሰር አለ እኮ፣ ጋሽ ሙሄ።»

«አብሽር፣ ልጄ። አሳንሰር ውስጥ ሰው አይተያይም።» ሻዩን ፉት አሉ። «የመጣሁት ልለምንህ አይደለም። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ልመና አለመድኩም። የምነግርህ ነገር ስላለኝ ነው።»

«ይንገሩኝ።»

«አንተም ሰው አለህ አሉኝ እዚያ ውስጥ።»

«እህቴ አለች።»

«ታየች ረቡዕ?»

«ታየች።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ይገባሃል።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ሴት ልጅ ነበረችኝ፣ ሉባባ የምትባል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። ማክሰኞ አሞኛል አለች፣ ዓርብ ቀበርናት። ጎረምሶቹ ልጆቼ በሦስት በአራት ረቡዕ ያገኟታል ብዬ ስጠብቅ አቃታቸው። ዓይናችሁ የት ነው ብዬ ተቆጣሁና ራሴ ያዝኩት። አስራ አንድ ረቡዕ ፈለግሁ። ያገኘኋት በምን እንደሆነ ታውቃለህ? በእግሯ።»

«በእግሯ?»

«ከተወለደች ጀምሮ ቀኝ እግሯ ወደ ውስጥ ዞር ያለ ነበር። ሐኪም ይቃናል ቢለንም አልተቃናም። ልጆች ይስቁባት ነበር። ቅሬው ምልክት ሲለኝ፣ ሌላውን ተዉት፣ እግሯን ጻፉልኝ አልኩ። የሣላት ሰው እጁ ይባረክ፣ ልክ እንደ ነበረችው አድርጎ አቁሟታል። ሰዓት ሠሪው ደጅ ላይ።»

ይማም ብዕሩን አስቀመጠ። ብዕሩ ተንከባልሎ ወደቀ፤ አላነሳውም።

«አረንጓዴ ሻርፕ» አለ።

«አዎ!» የሽማግሌው ፊት በራ። «አረንጓዴ ሻርፕ። የፋብሪካው ነው። ምሳ ዕቃዋንም ይዛለች። አይተሃታል እንዴ?»

«አይቻታለሁ።»

«በዚያ ሁሉ ሰው መሐል?»

«በየሳምንቱ ነው የማያት።»

አቶ ሙሄ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አላህ ይስጥህ። እኔ ስታመም፣ ዓይኔ ሲደክም፣ ማን ያይልኛል እያልኩ ስጨነቅ ነው የኖርኩት። ለካ የሚያይልኝ ሰው ነበረኝ።» ከዚያ ወዲያ ስለ ፊርማው ብዙም አላወሩም። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «አደራ» አሉት። አንድ ቃል ብቻ። ምርኩዛቸው ደረጃውን ሲወርድ እስከ ታች ድረስ ይሰማ ነበር።

የትብለጥ እግር ቀጥ ያለ ነበር።

ይማም ይህን ያውቃል፤ ድሮም ያውቅ ነበር። መጀመሪያ ሰዓት ሠሪው ደጅ ያገኛት ቀን ያቺን የዞረች እግር አይቷታል። «ስምንት ሰዓት ማሽን ፊት ቆማ ውላ ደክሟት ነው» ብሎ አለፈው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ጫማው ጠቧት ይሆናል አለ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ምክንያት አላጣም። ሥራው አይደል፤ አስታርቆታል።

አስታራቂዎች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። የራሱን ሟች መዝገብ የከፈተ ሟቹ ፊቱን ያዞርበታል ይባላል፤ ስለዚህ ማንም አይከፍትም። መዝገቡ በቁጥር እንጂ በስም ስላልሆነ ሳያውቁ መክፈትም አይቻልም፤ የቤተሰብ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ መፈለግ ይጠይቃል። ይማም ወረቀቱን ከመሳቢያው ሥር አወጣ። ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ መጀመሪያ የገለጠው ያን ቀን ነው። ቁጥሩን አስገባ።

ሴት፣ ሠላሳ አራት ዓመት። አረንጓዴ ሻርፕ፣ ምሳ ዕቃ። የቆመችበት ቦታ፦ ወፍጮ ቤት በር። የገባችበት፦ ቁጥር 3,178። የወጣችበት፦ ቁጥር 3,237። ምክንያት፦ ድግግሞሽ። የሰረዘው አስታራቂ፦ ይማም ገበየሁ።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቀኑ ትዝ አለው፤ በደንብ ነው ትዝ ያለው። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ወር ነበር። በአንድ ቁጥር ላይ አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች፣ ምሳ ዕቃ የያዘች ሴት ሁለት ቦታ አገኘ፤ አንዷ ሰዓት ሠሪው ደጅ፣ አንዷ ወፍጮ ቤት በር። እንዲህ ያለው ነገር በየቀኑ ያጋጥማል። አንድ ሰው የተወለደበት ሰፈር ቅሬና የሚኖርበት ሰፈር ቅሬ፣ ሁለቱም «የኛ ናት» ብለው አንዷን ሟች ሁለት ጊዜ ይልኳታል። ትብለጥም ሁለት ቅሬ ነበራት፤ የደሴውና የኮምቦልቻው። ይማም ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለችውን ሲያይ ልቡ እንኳ አልደነገጠም። «እኛም ቤት ደረሰ» ብሎ ፈገግ አለ። አንዷ መቅረት አለባት። ሰዓት ሠሪው ደጅ ያለችውን ለምዷት ነበር። ሌላዋን ሰረዛት።

የተሰረዘ አይመለስም። ይህን ደንብ ሁለት ጊዜ አሻሽሎ የጻፈውም እሱ ራሱ ነው።

ቁጥር 3,178ን አወጣና ገጹን አጎላው። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ ከጆንያ ተሸካሚዎቹ ኋላ፣ ቆማለች። እግሮቿ ቀጥ ያሉ ናቸው። አንድ እጇ ምሳ ዕቃውን ይዟል። ሌላውን መዳፏን የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች፣ ከሥሩ የሆነ ነገር እንደሸፈነች። ይማም ቀጣዩን ቁጥር አወጣ። እዚያም አለች። ቀጣዩንም። ሃምሳ ዘጠኝ ረቡዕ እዚያ በር ላይ ቆማለች። በእነዚያ ሃምሳ ዘጠኝ ረቡዕ የሚፈልጋት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሌላ ሴት እያየ «ተመስገን» ይል ነበር።

ቅዳሜና እሁድ ከቤት አልወጣም።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ገብቶ ሪፖርቱን ከፈተ። «ይታረቃል» የሚለው ቃል እንደተጻፈ አለ። ቢፈርም የአቶ ሙሄ ልጅ ባለችበት ትኖራለች፤ ሽማግሌው ዓይናቸው እስኪደክም ያዩዋታል። ይማም ደግሞ በየረቡዑ ገመድ ጣቢያ ላይ «ታዩ?» ሲባል «ታየች» እያለ ይኖራል። ለራሱ ብዙ ምክንያት ደረደረ። ሰባ ሁለት ዓመት የተሸከመ ታሪክ መቆም አለበት አለ። ሀያት ልክ ናት አለ። እንደ እሱ ያለ ስህተት ስንት ሺህ ይኖራል፣ ስንቱ ሰው የሰው ሟች እያየ ይኖራል አለ። ሁሉም ምክንያት እውነት ነበር። ዓርብ ጠዋትም እውነት ነበሩ፤ ዓርብ ጠዋት ግን አልፈረመባቸውም።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቃሉን አጠፋና «አይታረቅም» ብሎ ጻፈ። ምክንያት የሚለው ሥር «ድግግሞሽ» ብሎ ሞላ። ፈረመ።

ሀያት ስትሰማ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አንተ ጀግና! ለምን እንዳደረግከው ግን ንገረኝ።»

«ሰው በዛ» አላት።

ቁጥር አንድ እስኪዘጋጅ ሦስት ረቡዕ ምንም ሳይወጣ አለፈ። በከተማው ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁከት ይነሳል ተብሎ ፖሊስ በየአደባባዩ ቆሞ ነበር፤ ምንም አልተነሳም። ድንኳን ይተከላል ተብሎም ተፈርቶ ነበር። አራት መቶ ሺህ ድንኳን ከየት ይመጣል። ሰዉ እንደ ልማዱ ንጋት ላይ መጥቶ ባዶው መስታወት ፊት ቆመ። የሚያየው የራሱን ፊት ብቻ ነበር። ትንሽ ይቆምና ይሄዳል። ማንም ማንንም አልጠየቀም። አንዳንዱ በሁለተኛው ሳምንት ጥቁር ለብሶ መጣ።

በአራተኛው ረቡዕ ቁጥር አንድ ወጣ።

ይማም ሆጤ ሲደርስ ጣቢያው እንዲያ ሞልቶ አይቶት አያውቅም። እየተጋፋ ወደ መስታወቱ ቀረበ። ሥዕሉ ያምራል። ደራሽ ወጣት ነው፤ አባቱ አንድ ነው፤ ገና አልሞተም። ከተማው አዲስ ነው፣ መንገዱ ዝናብ እንዳጠበው ያለ ንጹሕ ነው። ከጀግናው ኋላ ማንም የለም። አንድ ሰው ብቻ አለ፤ መጨረሻው ክፈፍ ላይ፣ ከሩቅ፣ ከአንድ ባለ ፎቅ ቤት ደጅ፣ ጀርባዋን ሰጥታ የቆመች አንዲት ሴት። ሀያት የቤቱ ከፍታ እንዲታወቅ ብላ ያቆመቻት መሆን አለበት። ሻርፕ የላትም። የያዘችው ነገር የለም። እግሯ ከመንገዱ ጠርዝ ኋላ ስለሆነ አይታይም።

አንድ ምርኩዝ ክንዱን ነካ አደረገው። አቶ ሙሄ ናቸው። ከስተዋል። ይማም የሚሰድቡት መስሎት ራሱን አዘጋጀ።

«አየሃት?» አሉት በሹክሹክታ።

«ማንን፣ ጋሽ ሙሄ?»

በምርኩዛቸው ጫፍ ወደ ሴትዮዋ አመለከቱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አልቀረችም። ሁሉም ሲሄድ እሷ አልሄደችም። እግሯን ተመልከት።»

ይማም የማይታየውን እግር ተመለከተ።

ከበስተቀኛቸው አንዲት ሴት «እማዬ!» ብላ ጮኸች። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «እሷው ናት፣ አቋቋሟን እዩት፣ ወላሂ እሷው ናት» እያለ ሰዉን ይገፋል። ከወዲያ ጥግ እልልታ ተሰማ። ሁሉም እጁን የዘረጋው ወደዚያችው ወደ አንዲቷ ሴት ነበር። የማይተዋወቅ ሰው ይተቃቀፍ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ጥቁር ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉ።

«ያንተዋስ?» አሉት አቶ ሙሄ። «ታየች?»

ይማም ሴትዮዋን እንደገና አያት። ጀርባዋን። ትከሻዋን። አንድ እጇ ከፊቷ ነው፤ ከዚህ አይታይም። መዳፏን የሆነ ነገር ላይ ለጥፋው ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል።

«ታየች» አለ። «ተመስገን።»

ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ሀያት ነበረች፤ ከኋላዋ የቢሮው ስልኮች ሁሉ ሲንጫረሩ ይሰማል።

«ጋሽ ይማም፣ ጉድ ፈልቷል። ከነጋ አርባ ቅሬ ደወለ። ያቺን መጨረሻ ገጽ ላይ ያለችውን ሴትዮ ሁሉም የኛ ናት ይላል። ሴትዮዋ እኮ ማንም አይደለችም! እንዲያው ነው የነጠብኳት!»

«ሰማሁ።»

«ይሰማሃል የምልህ? ቁጥር ሁለት አልቋል እኮ። ቁጥር ሁለት ላይ ያ ቤት ይቃጠላል። ያሳየሁህ እሳት ነው። እሷም በሩ ላይ ናት።» ድምጿ ተሰበረ። «ምን ላድርግ?»

ይማም ቀና አለ። አቶ ሙሄ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ፣ ሴትዮዋ ካለችበት ጎን፣ አሳርፈው ቆመዋል። ትንፋሻቸው መስታወቱን ጉም አልብሶታል፤ በእጅጌያቸው ይጠርጉታል፣ ደግሞ ጉም ይሆናል፣ ደግሞ ይጠርጉታል።

«እሳቱን» አለ ይማም፣ «ለጊዜው አቆዪው።»